የእትዬ ጂን-ሉዋን መጋዝ ቀጭ ቀጭ ይላል

እንደምን ዋሉ እትዬ ጂን-ሉዋን? አይነሱ፣ እባክዎ አይነሱ። ፓፓያ ላደርስልዎ ብቻ ነው ብቅ ያልኩት። ዘንድሮ ዛፏ ከልክ በላይ ያዘችና ሦስቱ በትናንቱ ነፋስ ወደቁ። አንዷ ጎኗን ትንሽ ተመትታለች፣ እሷን ዛሬውኑ ይብሏት። ወገብዎስ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ የፊታችን ማክሰኞ ይመለሱ ብሎዎት ነበር አይደል? ድመትዎ ደግሞ ወፍራለች… ወይስ ልትወልድ ነው?

እንግዳም አለዎት ለካ። እንደምን ዋሉ ጌታዬ? አይረበሹ፣ ሻይዎን ይጠጡ፤ ኦቾሎኒውም ከፊትዎ ነው። እኔና እትዬ የጎረቤት ወሬ ነው የምናወራው፣ እርስዎን የሚመለከት ነገር የለበትም።

ልጅዎን ዩ-ፌንን በጓሮ በኩል አየኋት። ጉማጁ ላይ ቀይ ጨርቅ እያሰረች ነበር፤ አላናገርኳትም። መጋዝ የሚገባው ነገ ነው አይደል? የቀን መቁጠሪያው መጽሐፍ መልካሙ ጊዜ ጠዋት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ነው ብሏል አሉ። ጥሩ ሰዓት ነው፣ ፀሐይዋም ገና አትከርርም። ልጅዎ እጇ የተባረከ ነው፤ ካሁኑ ምስል ቀራጮች መሃል እንደሷ ፊት የምታወጣ አላየሁም። የመንደራችን ጠባቂ፣ የመሬት አያታችን፣ በሷ እጅ አፍንጫ ሊያገኝ ነው። አሮጌውን ምስል ምስጥ ከበላው ወዲህ አፍንጫ ለሌለው አምላክ ስንሰግድ ሁለት ዓመት ሞላን፤ እሱም ታግሶናል።

እንጨቱም ቢሆን ተራ እንጨት አይደለም። አማትዎ በገዛ እጃቸው የተከሉት የካምፎር ዛፍ… በዚህ መንደር ከሥሩ ያልተቀመጠ ማን አለ? አውሎ ነፋሱ የጣለው ዕለት እርስዎ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ስድስት ዓመት በቆርቆሮ ጥላ ሥር አደረቃችሁት፤ ከተፈለጠ በኋላ ያለ ስንጥቅ የተረፈው የመሃሉ ጉማጅ አንድ ብቻ ነው። እሱ ቢበላሽ ሁለተኛ የለም። ይህን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም፣ እንዲሁ አፌ ላይ መጥቶብኝ ነው።

እና… የመጋዙ ማሽንስ? ተሻለው?

ጆሮ ጠቢ ሆኜ አይደለም እትዬ። በመሃላችን ያለው መንገድ ሁለት ሜትር ተኩል ነው፤ የናንተ ባንድሶው መጋዝ ሲነሳ የኔ ገመድ ላይ ያለ ልብስ ይንቀጠቀጣል። ከማክሰኞ ጀምሮ ልብስ ባሰጣሁ ቁጥር እሰማዋለሁ። ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ። መጀመሪያ እንሽላሊት መስሎኝ ነበር። እንሽላሊት ግን መሃል መሃሉን ያርፋል።

ደግነቱ መንደራችን የታደለ ነው። ሌላ ቦታ ማሽን ሲታመም ባለሙያ ከከተማ ያስጠራሉ። እኛ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በባንድሶው ፋብሪካ የኖረ ሰው አለን። ስሙን አልጠራውም። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ለፊት ሲመሰገን ያፍራል። ትሕትናው የታወቀ ነው… በቀን ሦስቴ ራሱ ይነግረናል።

አሰማሙን ግን አይተውት ያውቃሉ? እኔ በመስኮቴ አይቻለሁ። ረጅሙን የመብያ እንጨት ከደረት ኪሱ ያወጣል፤ አንዱን ጫፍ ማሽኑ አናት ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ሚስጥሩ ዓይን መጨፈኑ ላይ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ብሆን ዓይኔን ገልጬ ማሽኑን አየው ነበር። ተሰጥኦ የሌለው ሰው ምን ያድርግ?

ዘዴው ራሱ ደህና ነው፣ አልዋሽም። ኩሽኔታ፣ የሚዞረውን ብረት የተሸከመው ቀለበት፣ ሲያረጅ በእንጨት ወይም በካቻቢቴ ጫፍ ቢያዳምጡት ያጉረመርማል፤ በፋብሪካም እንዲሁ ይደረግ ነበር። እኔ የምጨምረው የሰዓቱን ነገር ብቻ ነው። ማክሰኞ ሰውየው ያዳመጠው አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። አሥር ሰዓት ከሃያ ደግሞ የቆሻሻ መኪናው ሙዚቃውን እየለቀቀ በራችን ላይ የሚቆምበት ሰዓት ነው። እርስዎም ፌስታልዎን ይዘው ወጥተው ነበር፤ ጎን ለጎን ነበርን። እኔ እንኳ እርስዎ ያሉኝን አልሰማሁም፣ ሁለቴ ነው ያስደገምኩዎ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና ኩሽኔታው ያለቅሳል አለ። አልቅሶም ሊሆን ይችላል። ሙዚቃው የሚያሳዝን ነው።

ኩሽኔታው ረቡዕ ተቀየረ። የላይኛውም የታችኛውም። የወጡት ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ወድቀው ነበርና አነሳኋቸው፤ በጣቴ ባዞራቸው ትንፍሽ አይሉም። አሁን እቤቴ ናቸው። ገና አሥር ዓመት ያገለግላሉ። ያ ሰውዬ ባይኖር እንዲህ ያለ ኩሽኔታ ከየት አገኝ ነበር?

ሐሙስ ማሽኑ ተነሳ። ቀጭ። ስለዚህ ጎማው ነው ተባለ፣ ላይና ታች የሚሽከረከሩት ፑሌጃዎች የለበሱት ጎማ። ተላጠና አዲስ ለበሱ። ቀጭ። ዓርብ ቺንጋው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ነው ተባለ። ቺንጋው ወጣ፣ ሌላ ገባ። ቀጭ። ትጋት ይሉሃል ይህ ነው። ያ ሰውዬ ሐኪም ቢሆን ኖሮ እግሩን ላመመው በሽተኛ ሆዱንም ሳንባውንም ጥርሱንም ያይለት ነበር፤ ያውም አንድ በአንድ እያወለቀ።

ቅዳሜ ግን እውነተኛው ምክንያት ተገኘ ተባለ፤ ማሽኑ አናት ላይ የተቀመጠው የበቆሎ ፍርፍር ፓኬት። ስሙ "ጨዋ ሁን" የሚለው፣ ማሽን እንዳይረብሽ ሁላችንም የምናስቀምጠው። ቀኑ አልፎበታል አለ። አሥራ አንድ ቀን። እስቲ ያስቡት እትዬ፣ አምስት ቀን ሙሉ የማሽኑ በር ተከፍቶ ተዘግቶ ምንም ያላየ ዓይን፣ በፓኬቱ ጀርባ ያለችውን ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ቁጥር ያለ መነጽር አነበበ። ሰውየው ማየት ሲፈልግ ያያል ማለት ነው።

አይ፣ አልሳቅሁም። በፓኬት አልቀልድም። የኔም ማሽን ላይ አለ፤ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ላይም አለ። ቀኑንም እከታተላለሁ። ብቻ እኔ ፓኬቱን የማስቀምጠው ብሎኖቹን ካጠበቅሁ በኋላ ነው። የኔ አሠራር ነው፣ ሌላው እንደ እምነቱ።

ከዚያስ? ሱቁ ለማሽን የሚቀመጠውን አረንጓዴውን ጨርሶ ነበርና ሰውየው ቢጫውን ገዝቶ መጣ። ቢጫ። ለማሽን። ከትናንት ጀምሮ መንደሩ ሌላ ወሬ የለውም። ግማሹ ቢጫው ነው ነገሩን ያባሰው ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ቀኑ አዲስ እስከሆነ ቀለሙ ምንም አይደል ይላል። በመቅደሱ ደጃፍ ዳማ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች ጨዋታቸውን ትተው በዚህ ተጣልተዋል። እርስዎም ትናንት በበርዎ ሳልፍ "ዩ-ፌን ወደ ፌንግዩዋን ከተማ ሄዳ አረንጓዴውን ብታመጣ" ሲሉ ሰማሁ። ስለ ማሽኑ ሆድ ግን ከማንም አፍ አንድ ቃል አልሰማሁም። ፓኬቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስለምናውቀው ነገር መከራከር ደስ ይላል።

ቢጫው በንዝረቱ እየወደቀ ሲያስቸግር ደግሞ ሰውየው የላይኛውን በር ከፍቶ ከውስጥ በፕላስተር ለጠፈው። ለማሽኑ ልብ እንዲቀርብ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ማሽናችሁ ሁለት ድምፅ አለው። አንዱ ቀጭ፣ አንዱ ሽር… ሽር። የሚነካው ነገር ሁሉ አፍ ያወጣል እኮ፤ እንዲህ ያለ እጅ ስንት ሰው አለው? ነገ ጠዋት ጉማጁ ከመግባቱ በፊት ለሽርሽርታው ሲል የላይኛውን ኩሽኔታ ሊቀይር ነው አሉ። ረቡዕ የገባውን፣ አዲሱን።

የማሽኑን ሶኬት ነቅያለሁ እትዬ፣ አይስጉ። እስቲ ይህን በር ልክፈተው… ይኸውልዎ። የፓኬቱ ጫፍ ፑሌጃውን ይልሰዋል። ፑሌጃው የብረቱ መሽከርከሪያ ነው፣ ይህ ላይኛው፣ ያ ታችኛው። ፓኬቱን ነቀልኩት። አሁን ላዙረው… ሽር የለም። አንዱ በሽታ ዳነ። ፓኬቱን ምን ላድርገው? ቀኑ ገና ነው፣ ይበላል። ለእንግዳዎ ከሻዩ ጋር ይሆናቸው ይሆን? ኦቾሎኒውን ማኘክ አቁመዋል መሰለኝ።

እርስዎ ግን እትዬ ለምን እንዲህ ያዩኛል? እኔ ስለማንም ክፉ አላወራሁም። ያየሁትንና የሰማሁትን፣ ከነሰዓቱ ነው የነገርኩዎ።

ቀጭታው ግን አልሄደም። ይህን ድምፅ ለመያዝ ጥሩው ጊዜ መቼ እንደሆነ ያውቃሉ? ማሽኑ ሲሮጥ ሁሉም ነገር አብሮ ይጮሃል፣ ምኑም አይለይም። ሲጠፋ ነው። ሞተሩ ዝም ይላል፣ ፑሌጃዎቹ ግን በተረፋቸው ጉልበት ትንሽ ይዞራሉ፣ እየቀነሱ፣ እየቀነሱ። ያኔ ድምፁ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ማሽን የሚናገረው ያኔ ነው። ያ ሰውዬ ደግሞ ማብሪያውን እንዳጠፋ እንጨቱን ከጆሮው ያነሳና ማስረዳት ይጀምራል። ስድስት ቀን እንዲሁ ሁለቱ እኩል አፍ ሲከፍቱ ሰማሁ። ሰውየው በየቀኑ አዲስ ነገር ይናገራል፤ ማሽኑ የሚናገረው ያንኑ አንድ ነገር ነው። ታዲያ ሰው የትኛውን ቢያዳምጥ ይፈረድበታል? አዲሱን ወሬ ነው እንጂ።

ጠመኔ አለዎት? ዩ-ፌን እንጨት የምታሰምርበት ይሆናል። ታችኛው ፑሌጃ ላይ አንድ መስመር ያስምሩ። እኔ በእጄ ላዙር፣ እርስዎ መስመሩን እያዩ ይቁጠሩ። አንድ ዙር… ምንም የለም። ሁለት… ምንም። ሦስተኛው ሳይጋመስ… ቀጭ። ሰሙት? እንደገና። አንድ… ሁለት… ሳይጋመስ፣ ቀጭ። ካላመኑኝ እርስዎ ያዙሩት፣ እኔ ልቁጠር። ለወገብዎ አይከብድም፣ ቀስ ብለው… ቀጭ። አዩ?

ድምፁ የፑሌጃው ወይም የጎማው ቢሆን ኖሮ በየዙሩ አንዴ ቀጭ ባለ። ኩሽኔታ ደግሞ ያጉረመርማል እንጂ እንዲህ በቁጥር አይናገርም። ላማው ግን፣ ይህ ጥርስ ያለው ረጅሙ ብረት፣ ላይና ታች ተጠምጥሞ አንዴ ዞሮ ወደ ቦታው እስኪመለስ ፑሌጃው ሁለት ዙር ከሲሶ ይሄዳል። ስለዚህ የሚጮኸው ላማው ላይ ያለ አንድ ቦታ ነው። በላማ ላይ ከሌላው ቦታ ሁሉ የሚለይ አንድ ቦታ የቱ ነው እትዬ? … ልክ ነዎት። ብየዳው። ሁለቱ ጫፎች የተጋጠሙበት።

እዚህ ጋ ነው። ጥርሱን ሳይነኩ ጀርባውን በጥፍርዎ ያስኪዱት። ያዘዎት? … ስንጥቅ ናት። ከጀርባ ተነስታ ግማሹን አልፋለች። እዚያች ቦታ ላማው ትንሽ ጎበጥ ብሎ ስለሚሄድ ቀጥ አድርገው በሚይዙት መሪዎች መሃል ባለፈ ቁጥር ይነካቸዋል። ቀጭታው እሱ ነው።

ይህን ብየዳ ማን በየደው? እኔ ምን አውቃለሁ። በአዲስ ዓመት በቀይ ሪባን ታስሮ የመጣ ላማ እንደሆነ ብቻ ትዝ ይለኛል፣ "በገዛ እጄ የበየድኩት" ተብሎ። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ። አሁን ሲገባኝ ያ ሰውዬ ኩሽኔታውን፣ ጎማውን፣ ቺንጋውን ሲፈታ ሰንብቶ ላማውን ብቻ ያልጠረጠረው ለዚህ ነው። እያወለቀ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፣ በጨርቅ ይወለውለዋል፣ መልሶ ያስገባዋል። ሌላው ሰው ሥራውን ይጠራጠራል፤ ጥርጣሬ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል። እሱ ደህና ነው የሚተኛው። የፊቱ ወዝ ይናገራል።

ይባስ ብሎ ዓርብ ዕለት፣ እንዳይላላ ተብሎ፣ መወጠሪያው ሦስት ዙር ተጨምሮበታል። በአውራ ጣትዎ ይጫኑት። ንቅንቅ ይላል? አይልም። ትንሽ መግባት ነበረበት።

አሁን የምነግርዎን በዘወርዋራ አልናገረውም። ብረቱ ግማሹ ተሰንጥቋል። ውጥረቱ ሦስት ዙር ትርፍ ነው። ነገ ጠዋት ከዚህ ላይ ስድስት ዓመት የደረቀ ካምፎር ይጨመርበታል። ይህ ላማ ሲበጠስ የዩ-ፌን ጣቶች አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ናቸው። ምናልባት ቢበጠስ አላልኩም እትዬ። ሲበጠስ ነው ያልኩት። በፋብሪካ ሁለት ሲበጠሱ አይቻለሁ። አንዱ የግድግዳውን ቆርቆሮ ቀዶ ገባ። ሌላውን አልነግርዎም።

ቁጭ ይበሉ። ውኃ ይጠጡ። ገና ነገ አልሆነም።

ከየት አወቅሽው ይሉኝ ይሆናል። ሰው ይረሳዋል እንጂ እኔም እዚያው ፋብሪካ ነበርኩ፣ ሃያ ስድስት ዓመት። መጨረሻው መስመር ላይ። ማሽኑ ተገጥሞ አልቆ፣ ወደ ሣጥኑ ከመግባቱ በፊት አስነስተን የምናዳምጠው ሦስት ሴቶች ነበርን። ቀጭ ያለውን እንመልሳለን፣ ዝም ያለውን እናሳልፋለን። በቀን አርባ፣ ሃምሳ ማሽን። ይህ የናንተ ራሱ በኛ በኩል ያለፈ ነው፤ ከጀርባው ያለው የማለፊያ ማኅተም የኔ ይሁን የጓደኞቼ ግን አላውቅም፣ ደብዝዟል።

ያ ሰውዬም ሠላሳ ዓመት ማለቱ ሐሰት የለበትም። ሠላሳ ዓመት ከነወሩ። በቀለም ክፍል። … ምነው? ቀለም ክፍል ሥራ አይደለም? ማሽን ወደዚያ የሚሄደው ገና ሞተር ሳይገባለት፣ ፑሌጃ ሳይሰቀልለት፣ ባዶ የብረት ቤት ሆኖ ነው። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን የሚሠራ ማሽን አጠገቡ አልመጣም። ጆሮው እስከ ዛሬ ያልደከመው በምን ሆነና? የደከመው የኛ የሦስታችን ነው። ከውጭ በኩል ከሆነ ግን ባንድሶውን እንደሱ የሚያውቅ በመላ ደሴታችን ላይ የለም፤ ይህን በማንም ፊት እመሰክርለታለሁ። በሩ ላይ ያለው አረንጓዴ ይኸው ሃያ ዓመቱ፣ አልተላጠም።

እና ስድስት ቀን ሙሉ የት ነበርሽ ቢሉኝ… እሱ ይገባኛል። ማንም አልጠራኝማ። ጡረታ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በሬን አንኳክቶ "ቢ-ሽያ፣ እስቲ ይህን ስሚልን" ያለኝ ሰው የለም። ፓፓያ የጠየቁኝ አሉ። ማክሰኞ ዕለት ሽርጤን አድርጌ ወጥቼ ነበር፤ በርዎ ላይ ስደርስ ማሽኑን የከበቡትን ወንዶች ሳቅ ሰማሁና ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ ልብስ እያሰጣሁ ቀጭታ ስቆጥር ሰነበትኩ። ረቡዕ ላይ ብየዳው እንደሆነ አውቄያለሁ። ቢጠሩኝ እሄዳለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። አራት ቀን። ልጅዎ ነገ እጇን የምታስገባበት ማሽን መሆኑን እያወቅሁ። ያ ሰውዬ ባያውቅ ነው፤ እኔ እያወቅሁ ነው። ይህን ደግሞ ለማንም አላሽሞነሙንለትም፣ ለራሴም።

ምን ፈለጉ? … ቺያቬው፣ የብሎን መፍቻው፣ እዚያ የሻዩ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ከእንግዳዎ እጅ ሥር። ይቅርታዎን ጌታዬ፣ እትዬ ቺያቬውን ፈልገው ነው። አመሰግናለሁ።

ለኔ ነው የሚሰጡኝ?

… እሺ እትዬ። አመሰግናለሁ።

መጀመሪያ ውጥረቱን እንመልስ። አንድ… ሁለት… ሦስት፣ ይኸው ዓርብ የተጨመረው። አሁን የራሱንም እንፍታው። ላላ። ጓንት ይስጡኝ… ወጣ። አየር ላይ ሲይዙት እንኳ ብየዳው ጋ ሲጎብጥ ያስታውቃል። አይጣሉት፣ ስጦታ ነው፤ ሪባኑ ካለ መልሰን እንሰረውና ለባለቤቱ ይመለስ፣ ግድግዳው ላይ ያምርበታል። ቤቴ በር ጀርባ አንድ አዲስ ላማ ተሰቅሏል፣ ልኩ ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ ዩ-ፌን ሄዳ ታምጣው። እሷው ትግጠመው። ነገ የምትሠራበት እሷ ናት፣ ውጥረቱን በገዛ ጣቷ ትወቀው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ሲጠፋ አዳምጣለሁ። ነገም አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከበሩ ላይ ነኝ። አሁን ጠርተውኛል አይደል? ሰምቻለሁ።

እንዴ፣ እንግዳዎ ሊሄዱ ነው? ሻዩን እንኳ ሳይጨርሱ? ጆሯቸው ቀልቷል እትዬ፤ ይህ የቆርቆሮ ጣሪያ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ አይቻልም። ጫማዎ በዚህ በኩል ነው ጌታዬ። ቀስ ይበሉ፣ የመብያ እንጨትዎ ከደረት ኪስዎ ሊወድቅ ነው… ያዙት። እኛ ስለ ሌላ ሰው ስናወራ ጊዜዎን ወሰድንብዎ። ያንን ሰውዬ በመንገድ ካገኙት ቢ-ሽያ አክብራ ሰላም ብላሃለች ይበሉልኝ።

ቂም የለኝም እትዬ፣ ይመኑኝ። ምስሉ ተቀርጾ አልቆ የመሬት አያት በሥርዓቱ ዓይኑ የሚከፈትለት ዕለት፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምነው ለዚያ ሰውዬ ነው። ለኔ የሰጠኝን ለሱም ይስጠው እላለሁ። ጤና ይስጠው። ረጅም ዕድሜ ይስጠው፣ ዘጠኝ ዓመት ሲደመር ዘጠኝ። በሩ የማይንኳኳበት ጠዋት ይስጠው፤ "ና እስቲ ይህን ስማልን" የሚለው ሰው የሌለበት ከሰዓት ይስጠው። ጆሮውን ብቻ አያድክምበት… ያንን ሁሉ ጸጥታ አንዲት ሳትቀርበት እንዲሰማው።